ጠብ

ሥራዬ ቧንቧ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ
«ጠብ ጠብ እያለብን እንቅልፍ አጣን» ሲሉ
የያዝድ ጎረቤቶች፣ ቁልፌን በኪስ ይዤ
በየጓዳው ገባሁ፣ አጎንብሼ፣ ታዝዤ፤
አጥብቄ አጥብቄ፣ ዝም አሰኝቼ
ወጣሁ እንደ ገባሁ፣ ዋጋዬን አንስቼ።
ጠብታ ገዳዩ ጠብታ ሊሳለም
ተራራ ወጣ ቢሏችሁ፣ አትሳቁ፤ ሐሰት አይደለም።

ሜህራባን ወንድሜ፣ ስሙ ሲፈታ «ደግ»፣
አምስት ዓመት ሆነው ሊያየኝ እንኳ ሳይፈልግ።
አባታችን ሲያልፍ ያወረሰን ሀብቱ
ሠላሳ ሮማን ነው፣ አንድ የጭቃ ቤቱ፤
ደግሞም ከምድር ሆድ በቦይ የሚመጣ፣
በአሥራ ሁለት ቀን አንዴ ተራችን ሲወጣ፣
አሥራ አንድ ደቂቃ ውሃ።
                    አሥራ አንድ!
አምስት ለኔ፣ አምስት ለሱ፤ አንዷ ትተርፋለች፤
ያቺ አንዲት ደቂቃ ሁለት ቤት ነቀለች።
ውሃን የሚያስጮኸው ድንጋይ ነው ይባላል፤
እኛን ድንጋዮቹን ውሃ አስጩኾናል።

እናታችን ጎውሃር፣ ሰማንያ ያለፋት፣
መተኛትም መቆም እኩል የሚያደክማት፣
«ከተራራው ጠብታ አንድ ጥዋ ሞልታችሁ፣
ሁለታችሁ ይዛችሁ፣ አብራችሁ ካልመጣችሁ
እምቢ፣ አልሞትም!» አለች።
እሷን ደግሞ እናውቃታለን፤ ካለች አለች።

መንገዱን በሙሉ መስኮት ላይ አፍጥጠን፣
እሱ ፊት፣ እኔ ኋላ፣ ለየብቻ ተቀምጠን፣
አውቶቡሱ ጣለን ከበረሃው ጫፍ ላይ፤
ዛፍ የማያውቅ ምድር፣ ወፍ የማያውቅ ሰማይ።
ሜህራባን ከፊቴ አርባ ደረጃ ርቆ፣
እኔ ከኋላው ነኝ፣ ደረቴ ተጨንቆ።
አረንጓዴ ሻሽ ያሰሩ ሴቶች፣
በፌስታል ሽምብራና ተምር የያዙ አሮጊቶች፤
«ሁለት መቶ ሠላሳ!» «የለም፣ ሠላሳ አንድ!» የሚሉ ሕፃናት፣
ለአንድ ደረጃ ሲሉ ፀጉር የሚናጩ።
የኛው ዘመዶች መሆን አለባቸው።

ልጅቱ፣ ይላሉ፣ የንጉሥ ልጅ ነበረች፤
ፈረሰኛ ሲያሳድዳት እዚህ ድረስ ሮጠች።
«ደብቀኝ» ብትለው ደረቱን ከፈተ፣
እሷን ውጦ ዝም አለ፣ እንዳልተከፈተ።
ከዚያ ወዲህ ተራራው ያለቅሳል። ጮክ ብሎ አይደለም፤
በዘለላ፣ በዘለላ፤ እስካሁን አላቆመም።

የነሐስ በር አለ። ጫማ ይወለቃል።
ጣራው ጥላሸት ነው፤ ወለሉ ይርሳል።
ሦስት መብራት ይነዳል። ሰው ጸሎት ሲይዝ እኔ፣
ከየት እንደሚያፈስ ይፈልጋል ዓይኔ፤
እጄ ኪሴ ውስጥ ቁልፉን ይዳብሳል፤
የለመደ እጅ የት ያርፋል?

ሽማግሌው ቆባድ፣ የደጁ ጠባቂ፣
የመዳብ ጥዋ ሰጠን፤ አንዲት፣ ትንሽ።
«ዘንድሮ ዝናብ የለም፤ ይዘገያል» አለ።
«ያዙት።» ሄደ።

ጠብ።

በዚያና በሚቀጥለው መሀል
ሰው አባቱን ሙሉ ያስታውሳል።

ጠብ።

ክንዴ ዛለ። ሜህራባን ቃል ሳይተነፍስ ጥዋውን ወሰደ።
የሱም ዛለ፤ ተቀበልኩት። ጥላው ከበሩ ወደ ግድግዳው ሄደ።
ማን ስንት ደቂቃ እንደያዘ
የቆጠረ የለም።

ጥዋው ሲጋመስ ነው፣ ፊቱን ወደ አለቱ እንዳደረገ፣
«ያ የጓዳው ቧንቧ» አለኝ፣ «አባባ ሲሰድበው የኖረው፣
አሁንም ያፈሳል።»
«አምስት ዓመት ሙሉ? ሠራተኛ አልጠራህም?»
«ማንን ልጥራ?» አለ።

ጠብ።

ማታ በእንግዳ ማረፊያው፣ እሱ አጠገቤ ተኝቶ፣
ጥዋው በመሀላችን፣ በሻሽ ተሸፍኖ፣ ሞልቶ፣
ከግቢው አንድ ቧንቧ ጨለማውን ይመታል።
ቁልፌ ከኪሴ ነው፤ ሁለት ዙር ይበቃል።
ተነሳሁ። ቆምኩ። ሰማሁት።
ተመልሼ ጋደም አልኩ።
በዕድሜዬ መጀመሪያዬ ነው፤
ጠቡን ተውኩት።