የመጨረሻው ምዕራፍ

ሙሐረቅ። ነሐሴ። ከሌሊቱ አምስት።
ግድግዳው ላይ ኤሲው ያቃስታል በትዕግስት።
ከውጭ ያለው ባሕር እንደ ሾርባ ሞቋል፤
ሐጂ ያቁብ ግን፣ ዓይናቸው የጠፋው፣ ብርድ ልብስ ደርበዋል።
ክኒናቸውን ሰጥቼ፣ አልጋቸው ጥግ ተቀምጬ
መጽሐፉን እጀምራለሁ፣ ከታጠፈበት ገልጬ።

ጸሐፊ ሳሉ በነዳጅ ኩባንያው፣ አለቃቸው አገሩ ሲገባ
ትቶላቸው የሄደው አርባ ሁለት መጽሐፍ፣ አቧራ ለብሶ እንደ ካባ፤
ስለ ከባድ ሚዛን ቡጢኞች ነው ሁሉም፣ ሻምፒዮን ስለተባሉ፣
ሣር ላይ ተጋጥመው ጥርሳቸውን እንደ በቆሎ ስለጣሉ።
እኔ የተቀጠርኩት አቧራውን ላራግፍ፤
ማን ያውቅ ነበር እንደማነብ የጡንቸኛ መጽሐፍ?
እንግሊዝኛዬ የአስረኛ ክፍል ነው፣ ከወልድያ ይዤው የመጣሁት፤
ስንቱን ቃል በግምት ዘለልኩት፣ ስንቱን በዓረብኛ ሞላሁት!

ያኔ ጓንት የለም። እጅ በጨው ውሃ ይዘፈዘፋል
የጫማ ሶል እስኪመስል። ዙሩም ሰው ሲወድቅ ያልፋል።
ይህኛውን «ቀጥቃጩ» ይሉታል፤ አባቱ ነበር ብረት ቀጥቃጭ፤
ሰባ አንድ ዙር በጠራራ ፀሐይ፣ ከቅንድቡ ደም የሚረጭ።
መዳፌን አየሁት። አራት ዓመት በበረኪና ተዘፍዝፏል።
እኔስ ማንን ልመታበት ነው? አልኩ። ገጹ ግን አልፏል።

ሐጂ ከብርድ ልብሱ ሥር ጡጫቸውን ይጨብጣሉ፤
«ግራውን! ግራውን ጠብቅ!» ብለው
ከሞተ መቶ ዓመት ላለፈው ሰው ይጮኻሉ።
አንድ ጊዜ ወደቀ፤ ሠላሳ ሰከንድ አለው፣ ከመስመሩ ካልቆመ አበቃ፤
በአማርኛ ቆጠርኩ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት…
ሐጂ ትንፋሻቸውን ይዘው፣ እስኪነቃ።

ዛሬ ደረስን ከመጨረሻው ምዕራፍ።
ቀን ላይ ቀድሜ አይቼዋለሁ፣ ከሩዙ ድስት አፋፍ፦
ቀበቶውን ሸጧል። በር ጠባቂ ሆኗል ከአንድ መጠጥ ቤት።
«እስቲ ምታኝ» ይለዋል ሰካራሙ ሁሉ፣ ቢራ እየገዛለት።
ሞተ፣ በጥር፣ በነጻ ሐኪም ቤት አልጋ፣
ልጁ ሳይደርስለት፣ ሌሊቱ ሳይነጋ።

ይህን ለማያይ ሰው በየትኛው አፌ ላንብብ?
ገጹን ገለጥኩና ጀመርኩ፣ ከራሴ ልብ፦
«እርሻ ገዛ» አልኩ። «ከወንዝ ዳር። ሁለት በቅሎ።
የሰፈሩን ልጆች ቡጢ ያስተምራል፣ ከዋርካ ሥር ውሎ።
ሲመሽ ሚስቱ ትጠራዋለች፣ እራት ቀረበ ብላ።
በዘጠና ዓመቱ ሞተ፣ በእንቅልፉ፣ ከጠገበ በኋላ።»

ዝም አሉ።
ኤሲው ብቻ።

«ይህን መጽሐፍ ሰባት ጊዜ አንብቤዋለሁ» አሉ፣ «ዓይኔ በደኅና ሳለ።
ውስጡ ወንዝ የለም።» ፊቴ እንደ ምድጃ ጋለ።
እጃቸው ብርድ ልብሱን ዳበሰ፣ ዳበሰ፣ ክንዴን አገኘው፤
«የበቅሎዎቹን ስም» አሉኝ፣ «ዘለልሽው።»