ማን አየ

ውሻውን «ማን አየ» ያለው አባቱ ነው።
ድንበራችን ሲገፋ፣
ሽማግሌ ተቀምጦ ምስክር ሲጠፋ፣
በዚያው ሰሞን ከሞላሌ ገበያ
ቡችላ በጋቢው ሸፍኖ አመጣ፤
ጎረቤት እንዲሰማው ስሙን ጮክ ብሎ አወጣ።

ምንተስኖት ያን ጊዜ ገና ሦስት ዓመቱ፤
ብርድ ነው አገሩ፣
ባንድ ባና ነበር ከቡችላው ጋራ ተቃቅፈው የሚያድሩ።
ቀን ቀን ከበረቱ ጥግ፣ ውሻው ከሚጥልበት፣
ጭቃ እያቦካ «ዳቦ» ይጋግራል፤
የጋገረውንም አንድ ሁለቴ ይቀምሳል።

እኔ ደግሞ ከበር፣ ቂጣ ይዤ በእጄ፣
«ና እንጂ ጉረስ፣ አፈር ስሆን ልጄ!»
ስንቴ ነው ያልሁት፣ አፈር ስሆን ስለው፤
እሱ ግን ቃል በቃል አፈሩን ነው የበላው።

ክረምት ላይ ሳል ያዘው፤ ሆዱም ተነፋፋ።
«ወስፋት ነው» አልሁና የዱባ ፍሬ ቆላሁ።
ሳሉ ተወው፤ ረሳሁ።

ዓመት አልፎ፣ የጨርቅ ኳስ ሲወረውሩለት
ከግራው የመጣውን ይቀልባል፤
የቀኙ ግን መጥቶ ፊቱ ላይ ያርፋል።
«ቀልበ ቢስ!» ብዬ ስቄበታለሁ።
ይህን አልረሳሁም። ስቄበታለሁ።

ደብረ ብርሃን ወሰድነው፣ ስሟን ተማምነን።
ሐኪሟ ባትሪዋን ካይኑ ውስጥ አብርታ
ብዙ ዝም አለች።
«የውሻ ወስፋት ነው» አለችኝ ቆይታ፤
«እንቁላሉ ካፈር በአፍ ይገባል፤
ትሉ ግን ሰው ቤቱ አይደለም፣ መንገድ ይጠፋበታል፤
ሲዞር፣ ሲዞር፣
ያንቺ ልጅ ዓይን ጓዳ ውስጥ ደክሞት ቀረ።
ግራው ደኅና ነው። ቀኙ አይመለስም።»

አባቱ ያን ማታ ዱላ አነሣ።
ልጁ ካንገቱ ላይ ተጠመጠመ፣ ከውሻው፤
እኔም መሐል ገብቼ «የከብት ሐኪሙ
ኪኒን አለው አሉኝ፣ ለሱም» አልሁት።
ዱላውን አልጣለም። ግን ተቀመጠ።

አሁን በየጠዋቱ አካፋ ይዤ እወጣለሁ፤
የውሻውን ዓይነ ምድር አርቄ እቀብራለሁ።
ይህን ስም ያወጣ ሰው
ምን ታይቶት ነበር፣ እላለሁ።
የልጁን ጥፍር እቆርጣለሁ፣ እጁን አሻለሁ በሳሙና፤
«አፈር ስሆን» ከአፌ ሲመጣ
እነክሰዋለሁ፣ ቃል ነውና።

ማታ ማታ ብቻ፣ ፍርፋሪ ይዤ ከደጅ
«ማን አየ! ማን አየ!» ብዬ ስጣራ፣
ውሻው ሳይደርስ ገና፣ ካጥሩ በስተግራ
«እኔ!» ይለኛል ልጄ።