ገመድ የያዙ እጆች

ቺሎኤ ደሴት ላይ ዝናብ ከላይ አይወርድም፣
ከጎን ነው የሚመታ፤ ሰው ደግሞ አይለምድም።
ሐሙስ ከትምህርት ቤት እኔና ጋስፓር
የጭቃውን ዳገት ወጣን ስንዳክር፤
በቦርሳችን ወረቀት፣ ዐሥራ አንድ ጥያቄ።
መምህር ኔግሮን ናቸው፣ «ሽማግሌ ፈልጉ፣
ስለ እርጅና ጠይቁ፤
ማኅበረሰብ ምን እንደሆነ ጽፋችሁ አምጡ» ያሉን።

ዶኛ ኤዱቪና ሰማንያ ሰባት ናቸው፤
ምድጃው ላይ ጎንበስ ብለው፣ ጀርባቸውን ሰጥተው፣
«አንተ ረጅሙ፣ ከጓሮ ፍልጥ አምጣ» አሉ፤
«አንቺ እጅሽን ዘርጊ።» ዘረጋሁ። ሁለቱንም
እንደ ችካል አቁመው የሱፍ ክር ጠመጠሙ።
ታስሬ ቀረሁ። እስክሪብቶው ከኪሴ አልወጣም።

«ጥያቄ አንድ፣ ዕድሜዎ?»
«ጠዋት የበላሁትን የማላውቅ ሴትዮ
ዕድሜ ትጠየቃለች?»
ስሜን ሦስት ጊዜ ነገርኳቸው፤ ሦስቴም
«ሮሳልባ» አሉኝ፣ በልጅነቷ በሞተች እህታቸው ስም።
በሦስተኛው አቤት አልኩ።

«እርጅና ምን ይመስላል?» አለ ጋስፓር በተራው።
«ደረጃ። ቁጥሩ ሳይጨምር እየረዘመ የሚሄድ።
ደግሞም ሰው ሁሉ ጮክ ብሎ ያናግርሃል፣
እንደ ሕፃን፣ እንደ ውሻ፤
ጆሮህ ደህና ሆኖ።»
ድምፁን ዝቅ አደረገ።

ይሄኔ የክሩ ኳስ ከጭናቸው ወደቀ፣
ማንም ሳይነካው እየተንከባለለ
እስከ ጥጉ ዘለቀ።
«ወለሉ ያዘመመ ነው» አሉ፤ ሣቁ።
«ቤቴ ዋኝቶ ነው የመጣው። አታውቁም? እወቁ።»

ማዕበል የባሕሩን ዳር በበላ በዓመቱ
«በር ያለው ነገር ይሄዳል» ብለው አባቱ፣
ማለቴ አባታቸው፣ ቤቱን አልተውም አሉ።
ሚንጋ ተጠራ፤ ደቦ ነው፣ ቤት የሚያሻግር ደቦ።
መስኮቱ ተነቀለ፤ ግንድ ከሥሩ ገባ፤
ስድስት ጥማድ በሬ እስከ ውሃው ሳበ፤
ባሕሩ ሲሞላ ቤቱ እንደ ዳክዬ ተነሣ፣
ጭስ ማውጫውን ይዞ በጀልባ ተጎተተ።
ክፍያው አንድ በግ ነበር፣ ድንችና ጭፈራ፤
ብድሩ ግን ዕድሜ ልክ።

ቁርሳቸውን የረሱት ሴት
ገመድ የያዙትን በተራ በተራ ቆጠሩ፦
«ፊት ላይ ግራኙ ባሃሞንዴ፤ ከኋላው
ሁለቱ ካርካሞዎች፣ በአጥር የተኳረፉ፣
ያን ቀን በአንድ ገመድ፣ ዛሬም ሳይነጋገሩ።
መበለቷ ኦቴሊያ፣ ክንዷን ገመዱ የላጠው።
የደወል ጠባቂው ልጅ፣ ዓይነ ስውሩ፣
ቤቱ መድረሱን ማንም አልነገረውም፤
ሁላችን ምሳ ስንቀርብ
እሱ ገና ይጎትት ነበር።»

ሠላሳ አራት ስም። አንዱን አልሳቱም።
ጋስፓር ከዐሥረኛው በኋላ መጻፍ ተወ።
እኔማ እጄ አሁንም ታስሯል።

«አንቺስ፣ ሮሳልባ፣
ከግድግዳሽ ማዶ ማነው የሚተኛው?»

አሰብኩ። ሌሊት የሚያስል ሰው።
ሬዲዮ፣ ከዚያ ዝምታ፣ ከዚያ ደግሞ ሳል።
«ስሙን አላውቅም» አልኩ። «ሳሉን ግን...»
«ሳሉን ካወቅሽ» አሉ ክሩን ከጣቴ እየፈቱ፣
«ጅምር ነው።»

ስንወርድ ዝናቡ ወረቀቱን አበላሸው።
ጥያቄ ሰባት፣ «ማኅበረሰብ ምንድን ነው?»
ባዶውን ሄደ።
መምህር ኔግሮን ከሰባት አራት ሰጡን፤
ማለፊያ ነው፣ በጭንቅ።

ማክሰኞ ማታ ወጥቼ የጎረቤቱን በር አንኳኳሁ።
አንድ ሰውዬ ከፈቱ፣ በአንድ እግራቸው ካልሲ።
«በር ተሳስተሻል» አሉ።
«አልተሳሳትኩም» አልኩ፤ ከዚያ ቃል ጠፋኝ፤
ሁለት እጄን ሳላውቀው ወደ ፊት ዘርግቼ ቆምኩ፣
ክር እንደሚጠመጠምበት።
«ስምዎን ልጠይቅ ነው የመጣሁት።»

አስቀድመው ሳሉ፣ ያንኑ የማውቀውን ሳል፤
ከዚያ ነገሩኝ።