አሥራ አንድ ቀን

ሰኔ ሠላሳ ውሌ ያልቃል፤ አሥራ አንድ ቀን ቀረኝ፤
የደብረ ብርሃን ብርድ ግን ኮንትራት የለውም፣ አልለቀቀኝ።

በሬሳ ድልድይ ላይ፣ ጉሙ ሳይገለጥ፣
ያየኛል ዘበኛው ብቻዬን ስሮጥ።
«ሁለት ጨዋታ ቀረ፤ ለማን ነው የምትለፋ?»
ይላል፤ ጋቢው ውስጥ ድምፁ እየጠፋ።

ጸሐፊው ጌጤነህ፣ ስገባ ስወጣ፣
«ሐምሌ ላይ ይታያል» ይላል፣ «በጀቱ ሲመጣ»።
ከሐምሌ በፊት ግን የቤት ኪራይ አለ፤
ወኪሌም ዝም ነው፣ «እደውላለሁ» እንዳለ።

ወረቀቴ ሲምል «ሃያ ሰባት» ብሎ፣
ጉልበቴ ይስቃል ከደረጃው ዝሎ።

አንድ ልጅ መጥቷል ከመሐል ሜዳ፣
ከመንዙ ማለቴ ነው፤ ለግራ መስመር እንግዳ።
ማሻማት ያሳየሁት እኔው ነኝ፣ በትዕግሥት፤
ትናንት «ጋሼ» አለኝ፣
ኳስ ሲያቀብለኝ፣ በአክብሮት።

ዛሬ የካምፑ መስታወት በብርዱ ሲያልበው፣
ፊርማዬን በጣቴ ጻፍኩ፣ እንዳልረሳው።
በፊደሎቹ ቀዳዳ ሜዳው ታየኝ በሙሉ፤
ልጁ ብቻውን ያሻማል፣
ወደ ጉሙ ነው ኳሶቹ ሁሉ።

ግራ እግሩ ይቀረዋል ገና።
ወጣሁ፣ ጫማዬን አሰርኩና።