በውስጥ በኩል

«ወደ ግራ ትላለች» አሉኝ ዶክተር ኤምሊን፣
እያራገፉ የዌልስ ዝናብ የጠጣ ኮፍያቸውን።
«መሪዋን ላላ ሳደርግ ከአጥሩ ትጠጋለች፣
ኩርባ ላይ እንደ ድሮው እሺ አትልም፣ ታንገራግራለች።»

አረንጓዴ ናት፣ ባለ ሁለት ወንበር፣
ሆዷ መሬት ሊነካ ዝቅ ብላ የምትበር።
ከአባቴ በወረስኩት ክሪክ ቀስ ብዬ አነሳኋት፣
በጀርባዬ ተንሸራትቼ ከሥሯ አየኋት።

ቆሞ ለሚያይ ሰው ጎማው እንከን የለው፣
ጥርሱ ጥልቅ ነው፣ ጥቁረቱ ገና ያልከሰመው።
እጄን ግን አሻግሬ ውስጡን ስዳብሰው፣
ሊሾ! እንደ ወንዝ ድንጋይ፣ ዘመን እንደላሰው።
አርባ ዓመት የሰው ጥርስ ሲነቅሉ ሲሞሉ የኖሩ
የጎማቸው ጥርስ ማለቁን አልጠረጠሩ።

ወደ ውጭ ስስበው ጣቴ እንደ ሐር ሲያልፍ፣
ወደ ውስጥ ስመልሰው እንደ መጋዝ ሲጠልፍ፣
ገባኝ። ሁለቱ የፊት እግሮቿ ተኮራርፈዋል፣
አንዱ አጥሩን፣ አንዱ ሐይቁን ያያል።
ሦስት ሚሊ ነው፣ ከሁለት ሳንቲም ውፍረት አይበልጥም፣
ግን በየሜትሩ ይፍቃል፣ ላፍታ አይተኛም።

«ዶክተር፣ ጎማ መሬት የሚነካው በመዳፍ ያህል ነው፤
በአራት መዳፍ ነው ተራራ የሚወርዱት፣ ሌላ ምን አለው?
ውስጡ ሊሾ ሲሆን ውኃውን አይጠርግም፣ ይንሳፈፋል፣
መሪው በድንገት ይቀላል፣ እጅዎ ባዶ ይጨብጣል፤
እርስዎ ታጥፈዋል፣
አፍንጫዋ ግን ቀጥ ብሎ ወደ ድንጋዩ ካብ ይሄዳል።»

አዲስ ጎማ ገጠምኩ።
የዓሣ ማጥመጃ ክር ከጎንና ጎኗ ወጠርኩ።
ከመለካት በፊት ግን የሚነዳት ሰው ይጫንባት፤
ባዶ መኪና ትዋሻለች፣ ክብደት ነው እውነት።
በመሪው ወንበር ሰማንያ ኪሎ አሸዋ ጫንኩ።
«ከጎንዎስ ማን ይቀመጣል?» ብዬ ሥራዬን ቀጠልኩ።

ዝም አሉ።
ዝናቡ ብቻ ቆርቆሮው ላይ አወራ።

«ኦልዌን ነበረች። በበረዶው ሰሞን...» አሉና
ጓንታቸውን አጠፉ፣ ዘረጉ፣ አጠፉ እንደገና።
«ሃምሳ ስምንት ኪሎ። እሷ ሃምሳ አምስት ነኝ ትላለች።»
ትላለች አሉ። ሰማሁ። ነበረች፣ ትላለች።

ሕጉ ግልጽ ነው፣ የሚለካው ላለ ሰው ነው፤
የሌለን ሰው መጫን ክሩን ማታለል ነው።
«ኔስታ» አሉኝ፣ «የሷንም ብታስቀምጪስ?»
ከረጢቶቹ ከበሩ ጥግ ነበሩ። ሄድኩ፣ እንባዬን ሳልጠርግ... አይ፣ ዝናብ ነው፣ ጣሪያው ያፈስ—
ሳል ነበር የያዘኝ ያን ሰሞን፣ ይቅር።

መዘንኩ። ሃምሳ አምስት። ጨመርኩበት። ሃምሳ ስምንት።
ቀበቶም አሰርኩለት።
«እንዳይንሸራተት ነው» አልኩ። ውሸት።

ዳዶውን አላላሁ፣ ዘንጉን ሩብ ዙር አዞርኩ፣
ክርና ቸርኬ እስኪታረቁ ጎንበስ ብዬ ቆጠርኩ።

ሲመሽ ሄዱ። ከወፍጮው አጠገብ ያለውን ኩርባ
እንደ መቀስ ቆርጣው ስትገባ
በድምፅዋ አወቅሁ፤ ጎማው አልጮኸም፣
አስፋልቱን ነከሰ እንጂ አልለመነም።

ለብቻቸው ሲነዱ ግን ጥቂት ታዘነብላለች፣
ባዶው ወንበር ስለሚቀላት፣ ወደ እሳቸው ትላለች።
በጸደይ ይመለሳሉ። እጄን ከውስጥ በኩል እሰዳለሁ፤
ስንት ማይል ብቻቸውን እንደነዱ
ያኔ አውቃለሁ።