አራተኛው ፌደር

ቤቴ አዘዞ ነው፣ ከወፍጮ ቤት ጓሮ፤
ቀን ድምፅ አልቀዳም፣ ግድግዳዬ ራሱ ይደልቃል ከበሮ።
ማታ ወፍጮው ሲተኛ፣ የበርበሬው ብናኝ መሬት ሲይዝ፣
ያን ጊዜ ነው ጆሮዬ የሚታዘዝ።

ላፕቶፕ አለኝ፣ አሮጌ። አንዲት ማውስ አለችኝ፣
በአንድ ጣት አሥራ ስድስት ድምፅ አስተናግጂ የምትለኝ።
እንደ ሠርግ አሳላፊ፣ ጭልፋዬ አንድ፣ እንግዳው ድንኳን ሙሉ፤
ለከበሮው ስጨልፍ ክራሩ «እኔስ?» ይላል፤
ወደ ክራሩ ስሮጥ ዘፋኟን አጣኋት፤ ዋሽንቱም አኩርፎ ወጥቷል አሉ።

ጥቅምት ላይ ዕቁብ ደረሰኝ።
ፒያሳ ወጣሁ፣ ከጣልያኑ ፎቅ ደረጃ ሥር፣ ኑረዲን ዘንድ፤
ሦስት ዕቃ ደረደረልኝ መስታወቱ ላይ፣ አንድ በአንድ።
«ምረጪ አትጠገብ፤ ዓይን አይከፍልም።»

የመጀመሪያው ሞተር አለው። ገና ሲሰካው
ስምንቱ ፌደሮች ማንም ሳይነካቸው ተነሡ፤
ዛር እንደ ወረደበት ሰው፣
ትናንት የቆሙበትን ቦታ እያስታወሱ።
ወደድሁት። እውነት ለመናገር፣ ዛሬም በዚያ ሳልፍ አየዋለሁ።
«መብራት ሲሄድስ?»
«ሲሄድማ ይሞታል፤ ከላፕቶፕ አይጠባም፣ ግድግዳ ነው ጡቱ።»
አዘዞ ደግሞ መብራት እንግዳ ነው፤
ጋቢውን ሳያወልቅ ነው ለመሄድ መነሣቱ።
ዋጋውም ሁለት ዕቁብ፣ ከነዳኛው።

ሁለተኛው ይበራል፤ ስድሳ አራት ካሬ፣ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ እንደ ከረሜላ፤
ሲነኩት ደስ ይላል፤ ከዚያ ወዲያ ምን አለው ሌላ?

ሦስተኛዋ መዳፍ ታህላለች፤ ያላት አንድ ፌደር ብቻ።
ኑረዲን ሳቀ፦ «የአዝማሪ ዘር አይደለሽ?
ማሲንቆ ስንት ጅማት አለው? ይቺ ናት ያንቺ አቻ።»

ልወስዳት ነበር። ነገሩ ይጥማል፣ ሲናገሩት።
ግን አጎቴን ባየውን ከጉልበቱ ሥር ሆኜ አይቼዋለሁ፦
ጅማቱ አንድ ይሁን እንጂ እጁ ሁለት ነበረ፤
ቀኙ በደጋኑ ሲቆጣ
ግራው ማሲንቆው አንገት ላይ ሲለምን አደረ።
ሰው ሁሉ እንባውን ከጅማቱ ይመስለዋል፤
እንባው ግን የሁለት እጅ ጠብ ነው።

«ሌላ የለህም?»
ከመደርደሪያው ሥር በፌስታል የተጠቀለለ አወጣ፤
የምሽት ቤት ሲዘጋ በዕዳ የመጣ።
ስምንት ፌደር። ሞተር የለው፣ ቀለም የለው፤ ከላፕቶፑ ይጠባል።
አራተኛው ግን ቢራ ጠጥቶ መሐል መንገድ ላይ ደርቋል።

ዓይኔን ጨፈንሁ።
ግራዬን ሁለተኛው ላይ፣ ቀኜን ሰባተኛው ላይ አሳረፍሁ፤
በአንድ ትንፋሽ አንዱን ሳወጣ ሌላውን አወረድሁ።
ምንም አልተሰካም። ከባጃጅ ጡሩምባ በቀር ምንም አልሰማሁም፤
ትከሻዬ ግን ነገሩ ገባው።

«ስምንት ሺህ» አለ።
ሰባት ሰጠሁት፣ ለሚሠሩት ሰባት፤
«ስምንተኛዋን፣ አራተኛው የተነሣ ቀን ናና ውሰዳት።»

አሁን አራተኛው ላይ አጎቴን አስቀምጬዋለሁ፤
እጁ መንቀጥቀጥ ሳይጀምር ደጁ ላይ የቀዳሁትን፣
ከነሳሉ፣ ከነጎረቤቱ ውሻ።
ከበሮው ይነሣል፣ ዋሽንቱ ይወርዳል፣
ሰባቱም በዙሪያው ይመላለሳሉ፤
እሱን ግን ከእንግዲህ
ከፍ ዝቅ የሚያደርገው የለም።

ኑረዲን አልፎ አልፎ ይደውላል፦ «አስጠገንሽው?»
አላስጠገንሁም።

መብራት ሄደ። ባትሪው ሠላሳ አራት ይላል፤
ወፍጮው እስኪነሣ ለሁለት እጅ ይበቃል።