የቤት ሚዛን

ሞዴል ፈተናው ላይ አራት መቶ ስልሳ
አምጥቼ ነበረ። ስሜን ሳያነሳ
የዋለ መምህር ያን ሳምንት አልነበር፤
በትልቁ ጽፈው ከዳይሬክተሩ በር
ለጠፉት፦ "አንደኛ፣ ይታይሽ።" ዝናብ እስኪያጥበው
ስንት ቀን ቆመና መንገደኛው አነበበው።

በሐምሌ ጭቃ ውስጥ በአውቶቡስ ጫኑን፣
ወደ ደብረ ማርቆስ። እናቴ ቆሎውን
በፌስታል ቋጥራ "ለሌሊት ነው" አለች፣
ከመስኮቱ በታች እየሮጠች ቀረች።

የማላውቀው አልጋ፣ የማላውቀው መብራት፤
ከላዬ የተኛች የሞጣ ልጅ ሌሊት
በእንቅልፍ ልቧ ሆና ቀመር ትደግማለች፣
አንዱን ፊደል ዘላ እንደገና ትጀምራለች።
ላርማት አስብና እተወዋለሁኝ፤
ሲነጋ የእኔው ልክ የቱ እንደሁ ጠፋኝ።

ሒሳብ ላይ ነው መሰል፣ ጥያቄ አስራ ሁለት፣
ክቡን አጠቆርኩት፣ አጠፋሁት፣ ደገምኩት፤
ላጲሱ ወረቀቱን ሊበሳው ጥቂት ቀረው።
የፈታኙ ጫማ ሲያልፍ ሲንቋቋ ነው
ከዚያ ቀን የቀረኝ። ሌላው ሁሉ ጉም፣
የጮቄ ጠዋት ጉም፣ እጅ አይጨብጠውም።

ውጤት ወጣ ሲባል ኔትዎርኩ እምቢ አለ።
ከማማው አጠገብ ኮረብታው ላይ ዋለ
የመንደሩ ወጣት፣ ስልኩን ወደ ሰማይ።
"ይታይሽ ተብዬ አልታይም አለኝ ወይ"
ብዬ ስቄ ነበር። ኋላ ግን ታየኝ፦
ሁለት መቶ ዘጠና አንድ። ዘጠኝ ጎደለኝ።

ዘጠኝ። ሁለት እጄ አንድ ጣት ሲያጎድል።
ብዙ ጊዜ ቆጠርኩ፣ ይሞላ እንደሁ ስል።

አባቴ አልተቆጣም፣ ፊቱም አልጠቆረ፤
"ነገ ገበያ ነው፣ ጤፍ እንጫን" ብሎ አደረ።
ሌሊት ተነሳና ከጎተራው ቀድቶ
በራሱ ሚዛን ላይ መዘነው፦ አንድ መቶ።

ቢቸና ገበያ፣ ጓዴ ነጋዴው ዘንድ፣
ያ በባትሪ የሚሠራ ቀይ ቁጥር ሲነድ
"ዘጠና ሁለት" አለ። እኔ ደሜ ፈላ፦
"ሌባ ነው ሚዛንህ፣ ስምንት ኪሎ በላ!"

አባቴ ግን ሳቀ። እጄን ይዞ ወሰደኝ፣
ከአህያው ጥላ ሥር ቀስ ብሎ ነገረኝ፦
"ልጄ፣ የቤታችን መመዘኛው ድንጋይ
እኔው የመረጥኩት ነው ከሙጋ ወንዝ ላይ።
ሲቀል አውቅ ነበር። ግን ደስ ይለኛል፤
መቶ ሞላ ብሎ ሰው እንቅልፍ ይተኛል።"

ያን ጊዜ ትዝ አለኝ መምህር ምንይችል፤
ሞዴሉን ያወጣው ከአሮጌው ፋይል፣
የአምናን፣ የካቻምናን፣ ሳይለውጥ ቁጥሩን፤
ገና ሳላነበው አውቀው ነበር መልሱን።
ክፉ አላሰበም። እንደ አባቴ ድንጋይ
ስማችንን ሊያይ ነው ከበሩ ራስ ላይ።

ግን አላበቃሁም። ከጓዴ መደብር
ሃምሳ ኪሎ ስኳር፣ ክሩ ያልተፈታ፣ ነበር
ከግድግዳው ጥግ። "እሱን ጫነው" አልኩት።
ፊቱን አጠቆረ፣ ግን ዓይን በዛበት፤
ጫነው። አርባ ስምንት። ገበያው ጸጥ አለ።
ጣቴ በአቧራው ላይ ሒሳቡን ሳለ፦
ዘጠና ሁለት በሃምሳ፣ ለአርባ ስምንት ሲካፈል፣
ዘጠና አምስት ነጥብ ስምንት ምናምን ይላል።

"መቶም አይደል፣ አባ፤ ዘጠና ሁለትም።"
አባቴ ጣቴን አየ። ምንም አልተናገረም።
ጓዴ እያጉረመረመ ብሩን ጨመረና
አህያችን ቀሎት ጀመርነው ጎዳና።

ቁልቁለቱ ላይ ስንደርስ ቆምኩኝ በድንገት፤
አህያው አለፈኝ። ጥያቄ አስራ ሁለት
ያው ራሱ ነበረ፣ ያው የሦስት ቁጥር ነገር፣
ማባዛት፣ ማካፈል።
"አባ" አልኩት።
"ምነው?" አለ።
"መልሱ ሲ ነበር።"